የስምንት ጫማ ጥላ

የጎንደር ቁስቋም ካህናት በጾም ወራት የሚራቡት በሐብተ ማርያም እግር ልክ ነበር። በደብሩ ግቢ የእጅም የግድግዳም ሰዓት ባልነበረበት በዚያን ጊዜ፣ የቅዳሴው ሰዓት የሚታወቀው ጥላ ተሰፍሮ ነው፤ የሚሰፍረው ደግሞ ወጣቱ ዲያቆን ሐብተ ማርያም ነው። ሜዳው ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የአናቱ ጥላ ያረፈበትን ቦታ በዓይኑ ይይዛል። ከዚያ ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ እስከዚያ ድረስ ይራመዳል። በታኅሣሥ ከቀትር በኋላ ጥላው ስምንት ጫማ ሲሞላ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ ማለት ነው፤ ደወል ይደወላል። ካልሞላ የመጣው ቢመጣ አይደወልም።

አንድ ቀን አንጀታቸው የታጠፈ አንድ ሽማግሌ ቄስ፣ "አንተ ልጅ፣ ምነው ዛሬ እርምጃህን ሰብሰብ ብታደርጋት?" ቢሉት፣ "አባቴ፣ እግዚአብሔርን በግማሽ ጫማ አላታልልም" አላቸው። ቄሱ ተቆጡ፣ ቀጥለው ሳቁ፣ ማታ ለሰው ሁሉ አወሩት። ከዚያ ወዲህ "ጥላ የማይሰርቀው" የሚል ስም ወጣለት። ስሙን ወዶት ነበር። ሰው የሚመሰገንበት ነገር አንድ ቀን እንደሚያሳፍረው ቢያውቅ ኖሮ ምስጋናውን ሁሉ በሩቁ ይሸሸው ነበር፤ ግን ማን ያውቃል?

ጣሊያን መጥቶ ሄደ። በሄደ በዓመቱ ሐብተ ማርያም በእንግሊዞች ጦር ሰፈር እንጨት እየፈለጠ ፊደላቸውን ለቀመ፤ ቋንቋቸውንም እንደ ነገሩ ቻለ። ዲቁናውን ትቶ እንኳየሁን አገባ። በ1939 ዓመተ ምሕረት ፒያሳ ላይ ከጣሊያን በቀረ ቢጫ ሕንፃ ውስጥ ለተከፈተው የአውሮፕላን ቢሮ ሰው ሲፈለግ፣ ሁለቱንም ሰዓት የሚያውቅ እሱ ብቻ ሆኖ ተገኘና ተቀጠረ።

ሁለቱንም ሰዓት ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም። ፈረንጅ ቀኑን የሚጀምረው ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ነው። እኛ ፀሐይ ስትወጣ እንጀምራለን። አውሮፕላኑ ደግሞ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ነው፤ ሰዓቱ ግን በየጊዜው ስለሚለያይ በቴሌግራም ይነገራል። ስለዚህ አስመራ ያለው ጸሐፊ "በዘጠኝ ይነሣል" ብሎ ቴሌግራም ቢልክ ለጎንደር ሰው ሦስት ሰዓት ነው፤ "በሦስት" ቢል ዘጠኝ ነው። ሐብተ ማርያም በየቴሌግራሙ ላይ ስድስቱን ያነሣል ወይም ይጨምራል፣ በእርሳስ የአበሻውን ሰዓት ከጎኑ ይጽፋል፣ መንገደኛውንም "በዚህ ሰዓት አዘዞ ሜዳው ላይ ተገኝ" ይላል። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ መንገደኛ አልቀረበትም። ጥላ የማይሰርቀው ቴሌግራምም አይሰርቅም ተባለለት።

በ1946 ታኅሣሥ ላይ ነው ይባረክ ወደ ቢሮው የመጣው። ይባረክ የወለቃ መንደር ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ ከቤተ እስራኤል ወገን። የሱን ማረሻ የማይጠቀም ገበሬ በዙሪያው የለም፤ የሱን እጅ ግን የሚጨብጥ ጥቂት ነው። ማረሻውን ከመሬት አንሥተው ይወስዳሉ፣ ገንዘቡን መሬት ላይ ያኖሩለታል፣ ዘወር ሲል "ዓይኑን አትዩት" ይባባላሉ። ይህን ሁሉ ለምዶት እንደማያይ ሆኖ ይኖራል። የዚያን ቀን ግን ለማስመሰል አቅም አልነበረውም። ጥሩ የምትባለው ሚስቱ ታማለች። የጎንደሩ ሐኪም ትርፍ አንጀት ነው ብሏል፤ ቀዶ የሚያክመው ሰው ለጊዜው ስለሌለ አስመራ ትድረስ ብሎ ወረቀት ሰጥቷል። በማኪና እንዳይወስዷት የሊማሊሞ መንገድ ይገድላታል።

ሐብተ ማርያም ወረቀቱን አነበበ፤ ለአስመራ ቴሌግራም መታ። ሴትዮዋ ተኝታ የምትሄድ ስለሆነች ወንበር ተነቅሎ ቦታ እንዲዘጋጅላት ለመነ። መልሱ ሰኞ ከሰዓት በኋላ መጣ፦ ነገ ማክሰኞ አውሮፕላኑ አዘዞ ይደርሳል፣ ቦታ ተይዟል፣ ሰዓቱ ሦስት።

ሐብተ ማርያም እንደ ልማዱ እርሳሱን አንሥቶ ከጎኑ "ዘጠኝ" ብሎ ጻፈ።

አንድ ነገር ግን አላወቀም። አስመራ ያለው አሮጌው ፈረንጅ ጸሐፊ ቅዳሜ ዕለት ሥራውን ለቆ በምትኩ አንድ ደግ አበሻ ተቀምጦ ነበር። ይህ ሰው ገና በመጀመሪያው ቀኑ፣ "የጎንደር ሰዎች በፈረንጅ ሰዓት ምን አደከማቸው?" ብሎ ሰዓቱን እሱው ለውጦ በአበሻ አቆጣጠር ላከላቸው። አንዱ ለሌላው አዝኖ ለወጠው፤ ሌላው የተለወጠውን እንደገና ለወጠው። ደግነትም እንዲህ ሰው ይገድላል።

መልእክቱን በሰው መላክ ሲችል ሐብተ ማርያም ራሱ በእግሩ ወለቃ ወረደ። ኩራት ነበረበት፤ አዝኖም ነበር። ሕመምተኛዋ ጥሩ ጎጆው ውስጥ ጉልበቷን ወደ ደረቷ ሰብስባ ተኝታለች። የአምስት ዓመት ልጇ ፈንታዬ ከእግሯ ሥር ቁጭ ብላ የእናቷን ቁርጭምጭሚት ይዛለች። ሐብተ ማርያም ይባረክን ደጅ አወጣውና መሬት ላይ በጣቱ መስመር ሳበ።

"ስማኝ ይባረክ። ነገ ጥላህ ስምንት ጫማ ሲሆን አውሮፕላኑ ይወርዳል። ከዚያ ቀደም ብላችሁ አዘዞ ድረሱ።"

ይባረክ መስመሩን አየ። ብረት የሚሠራ ሰው መለኪያ ያውቃል። "አያ ሐብተ ማርያም፣ ጥላማ በቀን ሁለት ጊዜ ስምንት ጫማ ይሆናል። ጠዋት በሦስት ሰዓትም ያው ነው፣ በዘጠኝም ያው ነው። የትኛው ነው?"

"ወደ ምሥራቅ የሚወድቀው። ዘጠኝ ሰዓት።"

"በጠዋቱ ቢሆን ሸጋ ነበር። ፀሐይ ሳይጠና፣ በብርዱ ብንወስዳት ይሻላት ነበር።"

"በልመና የሚመጣ መሰለህ? ዘጠኝ ሰዓት ነው አልሁህ" አለ ሐብተ ማርያም፤ ትንሽም ተቆጣ። ይባረክ አጎንብሶ አመሰገነው።

በማግሥቱ ሐብተ ማርያም ቢሮው ደጃፍ ቆሞ ሳለ የሞተር ድምፅ ከሰሜን መጣ። መጀመሪያ የጦር ሠራዊት አውሮፕላን ነው አለ። ቀና ሲል አየው፤ በየማክሰኞው የሚያውቀው ብርማ ሆድ ነው። ወደ አዘዞ እየወረደ ነው። ሐብተ ማርያም እግሩ ሥር ወደ ምዕራብ የተዘረጋውን የራሱን ጥላ አየ። መስፈር አላስፈለገውም፤ ስምንት ጫማ ነበር። ወዲያው ሁሉም ነገር ገባው።

እህል የጫነ ማኪና ላይ ተንጠልጥሎ አዘዞ ሲደርስ አውሮፕላኑ ሄዷል። ሜዳው ላይ ከብት የሚያባርረው ዘበኛው ነጋ ብቻ ቆሟል።

"ምነው ጌታዬ፣ በሽተኛዋስ?" አለው ነጋ። "ሁለት ወንበር ነቅለው ፍራሽ አንጥፈውላት ነበር። ግማሽ ሰዓት ጠበቋት። አብራሪው በየጊዜው መንገዱን ያያል። ኋላ ደመና ይመጣብናል ብለው ፍራሹን እንደ ተነጠፈ ይዘውት ሄዱ።"

ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት ተኩል ሐብተ ማርያም በሜዳው ዳር ካለ ዋርካ ሥር ተቀመጠ። መንገድ ላይ ሄዶ ሊቀበላቸው ይችል ነበር፤ እግሩ እምቢ አለው። ምን እንዳሰበ ቢጠየቅ መናገር አይችልም፤ የሚያስታውሰው ጥላው ሲያጥር፣ ከእግሩ ሥር ሲገባ፣ በሌላው በኩል ወጥቶ ሲረዝም ማየቱን ነው። ስምንት ጫማ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው በመንገዱ መታጠፊያ አራት ሰዎች አልጋ ተሸክመው ብቅ አሉ። ይባረክ ከፊት ነው። በሰዓታቸው ደርሰዋል። እንዲያውም ቀድመዋል።

"አያ ሐብተ ማርያም፣ ደረስን!" አለ ይባረክ እያለከለከ። ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል። "ጠዋት አልጋውን ስናነሣ አንድ አውሮፕላን በላያችን አለፈ። ጥሩ 'የእኛ እንዳይሆን' ብላ አለቀሰች። የእኛ በዘጠኝ ነው፣ አያ ሐብተ ማርያም በእግሩ መጥቶ ነግሮኛል ብዬ አጽናናኋት።"

እውነቱን ለመናገር ጊዜው ያ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ተሳሳትሁ ማለት። ሐብተ ማርያም አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

"ጠዋት ያያችሁት ያው ነበር" አለ። "ቀድሞ መጣ። ቢሆንም ሞልቶ ነበር። ብትደርሱም ቦታ አልነበረም።"

"ቦታ ተይዞላታል ብለኸኝ አልነበረም?"

"ለሌላ ሰጡት።"

"ለማን?"

ሐብተ ማርያም መሬት መሬቱን አየ። ይባረክም አየው፤ አልጋውን አየ፤ የራሱን የጠቆረ እጅ አየ። ዕድሜ ልኩን የሚያውቀውን ነገር እንደገና የሰማ መሰለው።

"ገባኝ" አለ በዝግታ። "የእኛን ሰው ማን ከአጠገቡ ያስተኛል! ገባኝ። አንተ ምን ታደርግ አያ ሐብተ ማርያም? አንተማ የቻልኸውን አድርገሃል።"

አልጋው ላይ ጥሩ ዓይኗን ገልጣ ሰማዩን ታይ ነበር። አራቱ ሰዎች ትከሻ ቀይረው ወደ መጡበት ተመለሱ።

በማግሥቱ ሐኪሙ ምን ሆነ ብሎ ሲጠይቀው ሐብተ ማርያም፣ "ዘግይተው መጡ" አለው። ለሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ውሸት። ፈረንጁ ሐኪም ራሱን ነቀነቀ፤ "እነዚህ ሰዎች ሰዓት ምን እንደሆነ አያውቁም" አለና ያንኑ በመዝገቡ ላይ ጻፈ። ሰዓትንስ ከሁሉ ይልቅ አውቆ የመጣው ይባረክ ነበር። ጥሩ ሐሙስ ዕለት ሞተች። የሚቀጥለው አውሮፕላን የመጣው ዓርብ ነው። ዘበኛው ነጋ ምስጢሩን እንዲይዝለት ተለምኖ ያዘለት፤ በዓመቱ ወደ መተማ ተዛወረና ይዞት ሄደ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው የሐብተ ማርያም ጆሮ የከዳው። ጠዋት ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን የሞተር ድምፅ ይሰማዋል። ማክሰኞም አይደለም፣ ዓርብም አይደለም፤ እሑድ በቅዳሴ መሐል ሳይቀር ይመጣል። ወጥቶ ቀና ይላል፤ ሰማዩ ባዶ ነው። ባዶ መሆኑ ደግሞ ያን የተነጠፈ ፍራሽ ያስታውሰዋል። ማንም ያልተኛበት ፍራሽ እስከ አስመራ በሰማይ ሄዷል፤ ለሐብተ ማርያም ግን እስካሁን አልወረደም። በዘጠኝ ሰዓት ደግሞ የአዘዞ መንገድ መታጠፊያ ላይ አልጋ የተሸከሙ ሰዎች ጥላ ያያል፤ ሰዎቹን አያይም፤ ጥላቸው ብቻ አቧራው ላይ ይሄዳል። ቀድሞ የሚወደው ያ የስምንት ጫማ ጥላ በቀን ሁለት ጊዜ እንደ ምስክር መጥቶ ይቆምበታል። ጸበል ገባ፤ ጸበሉ ቀዘቀዘው እንጂ ድምፁን አላጠፋለትም።

"ሞልቶ ነበር" ይላል ብቻውን ሳለ ሳያውቀው።

"አንተ ሰውዬ" ትለዋለች እንኳየሁ፣ "ምኑ ነው የሞላው? ቤታችን ውስጥ እንደሆነ የሞላ ነገር አላየሁም።"

ጥፋተኛ ሰው ጥፋቱን የሚያሸክምለት አህያ ይፈልጋል። ሐብተ ማርያም ያገኘው አህያ ሰዓት ነው። ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ የሰዓቶች መብዛት ነው አለ። ለንደን አንድ ሰዓት፣ አስመራ ሌላ፣ ጎንደር ሌላ! ያውም አስመራና ጎንደር አንድ ፀሐይ እየሞቁ! ያውም የቢሮው ሰዓት ከእውነተኛው ጥላ ግማሽ ሰዓት እየቀደመ! ዓለም ሁሉ በአንድ ቅጽበት አንድ ቁጥር ቢያነብ ኖሮ ማን ይሳሳት ነበር? ከሥራ መልስ ጠረጴዛ ስቦ መጻፍ ጀመረ። ሐሳቡ አጭር ነው፦ ለዓለም ሁሉ አንድ ሰዓት ይሁን። ጎንደር ሦስት ሲሆን ለንደንም ሦስት፣ አሜሪካም ሦስት። አንዱ አገር ቁርሱን በሦስት ይብላ፣ ሌላው በሦስት ይተኛ፤ ምን ቸገረ? እንቅልፍ በፀሐይ ይሁን፣ ቀጠሮ ግን በአንድ ቁጥር።

ቁጥሩ ከየት ይጀመር የሚለው ነው ያስቸገረው። ለዓመት ያህል ዓለም ሁሉ ከቁስቋም ንጋት እንዲጀምር ጽፎ ነበር። ሰው ሁሉ ዓለምን ሊያስማማ ሲነሣ ከራሱ ደጃፍ ይጀምራል፤ አይፈረድበትም። ኋላ ራሱ አፈረና ወደ ኢየሩሳሌም አዛወረው። እዚያ ማንም አይከራከርም አለ፤ ደግሞም ከእኛ ብዙ አትርቅም።

አንድ የትምህርት ቤት መምህር ጽሑፉን በእንግሊዝኛ አሰማምሮለት ኒውዮርክ ለሚገኘው ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተላከ። የፒያሳ ሰው ሳቀበት። "አያ ሐብተ ማርያም፣ አሜሪካ ምሳዋን በላች?" እያሉ መንገድ ላይ ይጠይቁታል። እሱ ግን ከልቡ ያስረዳቸዋል። ሐሳቡ ከንቱ አልነበረም፤ እኔም ባስበው ባስበው ክፉ ሐሳብ ሆኖ አላገኘሁትም። ክፋቱ ከበስተኋላው የተደበቀው ነገር ነው። እንኳየሁ ብቻ አልሳቀችም። "ዓለምን ከማስማማትህ በፊት ከሚያቃዥህ ነገር ጋር ተስማማ" አለችው አንድ ቀን፤ መልስ ሳትጠብቅ ወደ ጓዳ ገባች።

ከሁሉ የከበደው የይባረክ ምስጋና ነበር። ገበያ ላይ ማረሻ ዘርግቶ ሲያገኘው ከመቀመጫው ይነሣል። "አያ ሐብተ ማርያም፣ ጤና ነህ? ያን ቀን በእግርህ ቤቴ መጥተሃል፣ አልረሳህም" ይለዋል። ቢሰድበው በቀለለው ነበር። ፈንታዬ ከአባቷ ጎን ሸክላ ትሸጣለች። በሰባት ዓመቷ ግራ ዓይኗ ታሞ ጠፍቷል፤ ሰው ሲያናግራት በቀኙ ለማየት አንገቷን ዞር ታደርጋለች። ሐብተ ማርያም ያን አንገት ሲዞር ባየ ቁጥር ያዝናል፤ ከእሱ ጋር የሚያገናኘው ነገር እንዳለ ግን አስቦ አያውቅም።

በ1958 መጀመሪያ ከኒውዮርክ መልስ መጣ። ሁለት መስመር ነው፤ አስተያየትዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን፣ ከመዝገብ ጋር ተያይዟል ይላል። ሐብተ ማርያም ደብዳቤውን ቦርሳው ውስጥ አድርጎ ሦስት ቀን ይዞት ዞረ። ለሰው ሁሉ አሳየ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ግን በአራተኛው ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ያ ሞተር እንደ ወትሮው መጣ። ዓለም ቢሰማውም ባይሰማውም ያው ነው።

ያን ጊዜ አንድ የመጨረሻ ነገር አሰበ። በቁስቋም ሜዳ አንድ የብረት ዘንግ ይትከል፤ በዙሪያው የዓለም ከተሞች በድንጋይ ይደርደሩ፤ ሰው ሁሉ በአንድ ጥላ የዓለምን ሰዓት ያንብብ። ሰው በዓይኑ ካየ ያምናል። ቀጥ ያለ፣ የማያዘነብል ዘንግ የሚሠራ ደግሞ በአገሩ አንድ ሰው ብቻ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ እንደገና በእግሩ ወለቃ ወረደ።

ይባረክ ወናፉን እየነፋ ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል። ሐብተ ማርያም የሚፈልገውን ነገረው፤ ስለ ዓለም ሰዓት፣ ስለ ኢየሩሳሌምም አወራለት።

"ከኢየሩሳሌም ከሆነስ ሸጋ ነው" አለ ይባረክ ፈገግ ብሎ። ብረቱን እሳት ውስጥ ከተተው። "ግን ምነው አያ ሐብተ ማርያም፣ ይህን ያህል ዓመት ስለ ሰዓት ስትደክም? ሰዓት ምን አደረገህ?"

ፈንታዬ ጭቃ የምትለውስበትን እጇን አቁማ አንገቷን ዞር አድርጋ አየችው። ጠዋት ነበር። ሐብተ ማርያም የሞተሩ ድምፅ ከሩቅ ሲነሣ ሰማ። የዚያን ጊዜ ደከመው። በቃ፣ ደከመው።

"አልሞላም ነበር" አለ።

"ምኑ?"

"አውሮፕላኑ። አልሞላም ነበር ይባረክ። ሁለት ወንበር ነቅለው ፍራሽ አንጥፈውላት ግማሽ ሰዓት ጠበቋት። የመጣው በሰዓቱ ነው። በሦስት ነበር፤ እኔ ነኝ ዘጠኝ ያልሁህ። ቴሌግራሙ በአበሻ ሰዓት ተጽፎ መጣ፣ እኔ እንደገና ለወጥሁት። ተሳሳትሁ። ለሌላ ሰጡት ያልሁህም ውሸቴን ነው። ማንም አልከለከላትም።"

ወናፉ ቆመ። ብረቱ እሳት ውስጥ ቀላ፣ ነጣ፣ ማውጫ ጊዜው አለፈ፤ ይባረክ አላወጣውም። ሐብተ ማርያም እንዲመታው ጠብቆ ነበር፤ መዶሻው በእጁ ነው። ይባረክ መዶሻውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

"ስለ ሰዓቱ ቢሆን" አለ፣ "ስለ ሰዓቱ ቢሆን አብሬህ አለቅስ ነበር። ሰው አይሳሳትም ወይ? ማታ በእግርህ መጥተህ ነገርኸኝ፣ በማግሥቱ ተሳስቼ ነበር ብትለኝ ምን እልሃለሁ? ግን አንተ ያን ቀን ምን እንዳደረግህ ታውቃለህ?"

ይባረክ በእጁ ወደ ፈንታዬ አመለከተ።

"ፈንታዬ ዓይኗን ባመማት ጊዜ ጎረቤት ሁሉ ሐኪም ቤት ውሰዳት፣ ጠብታ ሰጥተው ያድኗታል አለኝ። እኔ ምን አልሁ? ለእናቷ መተኛ የነፈጉ ለልጇ መድኃኒት አይሰጡም አልሁ። ደጃቸውን አልረግጥም አልሁ። ቅጠል ጨመቅሁላት። ዓይኗ እፊቴ ሲጠፋ አየሁ። ማን ነበር የከለከላት? ለካ ማንም!"

ፈንታዬ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ጭቃ የነካ እጇን ወደ ግራ ዓይኗ አነሣችና መልሳ አወረደችው። ሐብተ ማርያም እስከዚያ ደቂቃ ድረስ አንድ ሰው የገደለ ይመስለው ነበር። ውሸት ዘር እንዳለው፣ ተዘርቶ በሌላ ሰው ልጅ ላይ እንደሚበቅል ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ከእሳቱ ዳር አመዱ ላይ ተቀመጠ። አለቀሰ። የሚያጽናናው አልነበረም፤ ሊኖርም አይገባም ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ሲጠራ ግን የሚታየው ሁሉ የሚያምር አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሞተሩ ድምፅ ጠፋ፤ በአዘዞ መንገድም አልጋ የሚሸከም ጥላ ቀረ። በምትኩ ቤት ውስጥም፣ ቢሮም፣ ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ያ አንገት ወደ እሱ ዞር ይላል። ያ ደግሞ ሰዓት የለውም።

ከሳምንት በኋላ ሐብተ ማርያም ሦስተኛ ጊዜ ወለቃ ወረደ። ይባረክ ሊያናግረው አልፈለገም። "የቀረችዋን ዓይን ሐኪም ይያት" አለው ሐብተ ማርያም ከደጅ ቆሞ። "እኔ አደርሳችኋለሁ። ካልፈለግህ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ።" ፈንታዬ ናት ነጠላዋን አጣፍታ የወጣችው። አባቷም ተከተላት፤ ሐብተ ማርያም ከኋላ።

ሐኪም ቤት የጠበቃቸው ወጣት አበሻ ሐኪም ነው። በመብራት አያት። ቀኝ ዓይኗ ደህና ነው፣ ጠብታ ይበቃዋል አለ። ግራውን ረዘም ላለ ጊዜ አየና መብራቱን አጠፋ። "ያኔ ቢሆን በሳምንት ይድን ነበር" አለ። ቁጣ ሳይሆን ድካም ነበረበት። ከዚያ በመዝገቡ ላይ እየጻፈ፣ ቀና ሳይል፣ "ለምን እስከዛሬ ዘገያችሁ?" ብሎ ጠየቀ።

ይባረክ ግድግዳውን አየ። ፈንታዬ አንገቷን ዞር አድርጋ ሐብተ ማርያምን አየችው።

"እነሱ አልዘገዩም" አለ ሐብተ ማርያም። ጠረጴዛውን ይዟል። "ዶክተር፣ በዚህ ቤት መዝገብ ላይ በ1946 ታኅሣሥ 'ዘግይተው መጡ' ተብሎ ስለ እናቷ ተጽፏል። እኔ ነኝ ያስጻፍሁት። ውሸት ነው። በሰዓታቸው ነው የመጡት፣ እንዲያውም ቀድመው ነበር። ያኔም ያዘገየኋቸው እኔ ነኝ፣ ዛሬም ያዘገየኋቸው እኔ ነኝ።"

ሐኪሙ ብዕሩን ይዞ ግራ ገባው። ሦስቱንም ተራ በተራ አየ። ጥያቄውን ሊደግመው ሲል ይባረክ ከግድግዳው ዘወር አለ። ከዚያ ጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐብተ ማርያምን ፊት ለፊት አየው፤ ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞረ።

"ጌታዬ" አለ ይባረክ፣ "እንዳለው ይጻፉልን።"